የቅቤ ነጋዴው ዓሣ

አባቴ ቅቤ ነጋዴ ነበር። መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ነበረው፤ በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ እስከ ጣሪያው ይደረደራል። ለጋውን፣ መካከለኛውንና በሳሉን ዓይኑን ጨፍኖ በማሽተት ብቻ ይለያል። ሙዝ የተደባለቀበት ከመጣ ደግሞ በአውራ ጣቱ ጥፍር ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ያኖርና ያመጣውን ሰውዬ ዝም ብሎ ያየዋል። ሰውዬው ሳይነገረው ዕቃውን አንስቶ ይሄዳል። ለገዢም ቢሆን ሕጉ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ያቀምሳል። ራሱ ያልቀመሰውን ለሰው የሚያቀምስ ነጋዴ በአባቴ ሚዛን ከኪስ አውላቂ አይሻልም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሐኪም ቅቤ የከለከለው።

ጊዜው ቴሌቪዥኑ ጠዋት ማታ ስለ ባለ ሁለት አሃዝ እድገት የሚነግረን ጊዜ ነበር። የአባቴ የደም ቅባት ግን መንግሥትን ቀድሞ ባለ ሦስት አሃዝ ሆኗል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ተሸካሚዎች ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቡት፤ እኔም ተጠርቼ ሐኪም ቤት ደረስኩ። ወጣቱ ዶክተር ወረቀቱን አገላብጦ ልቡ እየደከመ መሆኑን፣ በዚሁ አበላል ከቀጠለ ዓመት መድረሱን እንደሚጠራጠር ነገረው። መድኃኒት ጻፈለትና ቅቤውን፣ ጮማውንና ክትፎውን ትቶ ነጭ ዓሣ ቀቅሎ እንዲበላም አዘዘ። ነጭ ዓሣ ገንቢ ነው፣ ለሆድ አይከብድም፣ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል አለ።

እኔ ያን ጊዜ አማኑኤል አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ይህን ነገር ከኔ የተሻለ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም፤ አለመኖሩንም ሁሉም እንዲያውቀው አድርጌያለሁ። በማግስቱ ምሳ ላይ የጎደለኝ ጠመኔ ብቻ ነበር። ፕሮቲኑን፣ ፎስፈረሱን፣ ቫይታሚኑን አንድ በአንድ አብራራሁ። ጡንቻ እንደሚጠግን፣ ደም ሥር እንደማይደፍን ተነተንኩ። አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት የያዘው ግን አንዲት ነገር ነበረች።

«ቅባት የለውም አለ አይደል፣ ራሱ ዶክተሩ?»

የለውም አልኩት፣ ስለገባው ደስ ብሎኝ።

«ታዲያ ጉድለቱን ማን ሊሞላለት ነው?»

ዕድሜውን ሙሉ ቅባት ያነሰውን ሁሉ ጎደሎ ነው እያለ ሲመልስ የኖረ ሰው ሌላ ሊገባው አይችልም ነበር። እናቴም ለባሏ ደረቅ ነገር አቅርባ አታውቅም። ከአትክልት ተራ ነጭ የዓሣ ፊሌቶ ትገዛለች፤ ዶክተሩ እንዳለው ትቀቅለዋለች። እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ አልተነካም። ከዚያ ፈርፈር ታደርገውና ኮረሪማና ሚጥሚጣ ጣል አድርጋበት፣ የቀለጠ ለጋ ቅቤ በጭልፋ አፍስሳ በጣባ ታቀርበዋለች። አባቴ ጣባውን ጠርጎ በልቶ ሕክምና መሻሻሉን ያመሰግናል። አንድ ሰሞን እኔ ራሴ ያለ ቅቤ ባቀርብለት በየቀኑ እያሸተተ ለድመቷ ሰጣት። በዚያ ሰሞን የድመቷ ጠጉር እንዴት እንዳማረ።

ተስፋዬን በረቡዕና በዓርብ ላይ ጣልኩ፤ በጦም ቅቤ የለማ። አባቴ ግን በነዚያ ሁለት ቀናት መናኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ዓሣ በጦም ይበላል አይበላም በሚለው አባቶች ገና ስላልተስማሙ፣ እስኪስማሙ ድረስ እሱ ቢቆይ እንደሚሻለው ነገረኝ። እንዲህ አድርጎ ዓሣው ሲፈቀድ ከነቅቤው እየተበላ፣ ቅቤው ሲከለከል ከነዓሣው እየቀረ ሦስት ወር አለፈ። ስጨቀጭቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከሱቅ እስከ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ቆሞ ሲያርፍ ሳየው ግን ፈራሁ። አባቴን በጭልፋ እየቀበርነው እንደሆነ ገባኝ።

በቀጠሮው ቀን ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ ግራ ተጋባ። ዓሣውን እየበላ እንደሆነ ጠየቀው። አባቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጦም ቀን በቀር አንድም ቀን አላጓደልኩም አለ። ዶክተሩ እንግዲያው መድኃኒቱ አልተስማማዎትም ማለት ነው ብሎ ሊቀይርለት ብዕሩን አነሳ። አባቴ ወደኔ ዞረ። መርካቶ ውስጥ ጎረቤት ነጋዴ ዋጋ ሲጠራ አፍን መዝጋት ነው፤ የሰው ዕቃ በገዢ ፊት አይነቀፍም። አስተያየቱ ይህን ነበር የሚለኝ።

«ዶክተር፣ ቅቤ ያደርግበታል» አልኩ።

«ትንሽ ናት» አለ አባቴ።

«በጭልፋ ነው።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። አልሳቀም። ታክሲ ውስጥ አባቴ በመስኮት በኩል እያየ ቤት ደረስን። እንደገባ እናቴን ዛሬ በጨው ብቻ አድርጊው አላት። ዓሣው ነጭ እንደሆነ፣ ከእንጀራው ጋር ብቻውን ቀረበ። አባቴ እጁን ታጥቦ አንድ ጉርሻ ጠቀለለና ወደኔ ዘረጋው። በልቻለሁ አልኩ።

«ሦስት ወር ያሞገስሽው ዕቃ ነው። ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ስሰብክ የከረምኩት ከዚያው ከጣባው፣ ቅቤው በተንጣለለበት በኩል እየጎረስኩ ነው። አፈርኩ። አፌን ከፈትኩና አጎረሰኝ። አላመጥኩ። የፈላ ውሃ የሚበላ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ይሆን ነበር። አባቴ ቅቤ ያመጡለትን ሰዎች በሚያይበት ዓይን እያየኝ ይጠብቃል። ስለ ፎስፈረስ ልናገር ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም።

«ጣዕም የለውም» አልኩት።

«አሁን አመንኩሽ» አለና የራሱን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሳልቀምስለት ዓሣውን አይነካም። በየቀኑ የምሳ ደወል ሲደወል ከአማኑኤል እስከ ራጉኤል እየሮጥኩ ወርጄ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እውጥና እመለሳለሁ። የዘገየሁ ቀን ምሳው ቀዝቅዞ፣ እሱም ተኮሳትሮ ይጠብቀኛል። ረቡዕና ዓርብም አባቶችን መጠበቅ ተወ። ዶክተሩ መዝገቡ ላይ ታካሚው ምክር ተቀብሏል ብሎ ጻፈ። ስድስት ዓመት እንዲህ በላን። ሲሞትም በሌላ ሕመም ነው እንጂ ልቡ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቀቀለ ዓሣ አፌ ገብቶ አያውቅም።