ከጠፈጠፉ ሥር

እማዬ ወንድም እንደነበረኝ የነገረችኝ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ነው። በተሰጠን ኮንዶሚኒየም፣ ገና ባልተፈታ ዕቃ መሃል ተቀምጣ፣ «እዚያ ልጅ አለኝ» አለችኝ። መቃዠት የጀመራት መስሎኝ ደነገጥኩ።

ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድ ልጅ ነው። ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። እንዲህ ያለ ሕፃን ቤተክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ስለተባሉ እሷና አባቴ ጓሮ ቀበሩት። ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን ግን ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው፤ መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ የትም ይደፋል። «አንቺ አፈር ቆፋሪ አይደለሽ? አውጪልኝ» አለችኝ። ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት «ገል ትለቅማለች» እያለች ስታሾፍብኝ የኖረች ሴት ናት።

እውነቷን ነው፣ ገል ለቃሚ ነኝ። አርኪዮሎጂ ስማር እንግሊዝ አገር ሳክሶን የሚባሉ የጥንት ሰዎች መንደር ቁፋሮ ላይ ሠርቻለሁ። ቤታቸው እንደኛው የእንጨትና የጭቃ ስለነበር የቀረው ምሰሶ የቆመበት ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ትንሿ ቤተክርስቲያናቸው ግድግዳ ሥር ግን፣ ልክ የጣራው ጠፈጠፍ በሚወርድበት፣ የሕፃናት አጥንት አገኘን። ምናልባት ውሃው ያጠምቃቸዋል ብለው ይሆናል አሉን አስተማሪዎቻችን። ለእረፍት መጥቼ ይህን ስነግራት እማዬ ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ወሬዬ የሰለቻት መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

«ቄስ ባያጠምቀው እግዜር በራሱ ዝናብ ያጥምቀው ብዬ፣ አባትሽን ጠፈጠፉ ሥር ቆፍር አልኩት» አለችኝ አሁን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የእሷም ልብ ደክሟል፤ ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠንም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ማለዳ ሄድን። ተወልጄ ያደግኩበትን መንገድ መለየት አቃተኝ። ሱቁ፣ ቧንቧው፣ የጎረቤት አጥር፣ ሁሉም አንድ የፍርስራሽ ክምር ሆኗል። የስካቫተሩ ኦፕሬተር እናቴን አየና ሞተሩን አጠፋ። የመጣንበትን ስነግረው፣ «እህቴ፣ አለቆቹ ሳይመጡ ቶሎ በይ። እኔም እንጀራዬ ነው» አለኝ።

ፍርስራሹን በእጄ ጠራረግኩ። መሬቱን ስፍቅ የግድግዳችን ምሰሶዎች የቆሙበት ጥቁር ክብ እየተከታተለ ወጣ። ከእሱ ትይዩ፣ ለዘመናት የወረደ ጠፈጠፍ አጥቦ የደረደራቸው ደቃቅ ጠጠሮች መስመር ሠርተዋል። «ጠፈጠፉን አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛለች።

መስመሩን ተከተልኩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ዞረና ተመልሶ ገባ። በዞረበት በኩል ሌላ ቦታ የሌሉ የሁለት ቋሚ እንጨቶች ጉድጓዶች አሉ። በእነሱና በግድግዳው መሃል፣ ከትራስ የማይበልጥ ጥቁር አፈር ተኝቷል። በመኮትኮቻ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። አጥንት የለም። ከዚያም ወረድኩ። ምንም የለም። የሰው አጥንት ስንት ጊዜ ሳላዝን እንዳወጣሁ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ባዶው ጉድጓድ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጥቁሩን አፈር ፌስታል ውስጥ ሰብስቤ ሰጠኋት።

«አጥንቱስ?»

«አፈሩ በልቶታል፣ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ውሃውስ? ነክቶታል?»

ልዋሻት ነበር። ፊቴን ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። «እዚህ ጋ ጣራው ተቀጥሎ ነበር» አልኳት። «ውሃው አልፎት ነው ሲወርድ የኖረው። እሱ ላይ አንድም ጠጠር የለም።»

«አባትሽ ነው» አለች። «ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ቀጠለ። ማገዶ እንዳይረጥብ ነው አለኝ። አንድም ቀን ግን እንጨት አላስቀመጠበትም።» ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ልጁን እንዳይበርደው ነው ለካ። እኔ እኮ ለምን እዚያ እንዳስቀበርኩት አልነገርኩትም።»

ኦፕሬተሩ ከጋቢናው ወርዶ የሃይላንድ ውሃ አቀበላት። «እማማ፣ ትንሽ ይጠጡ» አላት። ጨንቆኝ ውሃውን ተቀብዬ አፈሩ ላይ ላፈስ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪ! የሰማይ ውሃ ነው እንጂ!»

ሁለታችንም ቀና አልን። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። ኦፕሬተሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ ማሽኑ ተመለሰና ሞተሩን አስነሳ።

እማዬ ጆሮዬ ጋ ተጠግታ፣ «ክረምት እደርሳለሁ?» አለችኝ።