ለሐጂ አማን፣ ስለዚያች ባዶ ወረቀት

ውሸት መሰለኝ። ትናንት በስልክ ሲያስቁኝ የነበሩ ሰው ናቸው እኮ! ጠዋት ሮቤ ሱቄን ስከፍት ልጃቸው ደውሎ "አባቴ አረፈ" አለኝ። ኢና ሊላሂ።

የጎባ ሰው ሐጂ አማንን ያውቃል። ለማታውቁ፣ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ልባቸው ግን ሜዳሊያ ላይ ነበር። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ላገለገሉት ያደለውን ሜዳሊያ ይሰበስባሉ። ከጊኒርና ከአንገቱ ከተሞች ሳይቀር ሰው ያመጣላቸዋል። አንዳንዱ ተበስቶ የሴት አንገት ጌጥ ሆኖ የኖረ ነው። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የባለቤቱን ስም የጻፉበት ትንሽ ወረቀት ያስቀምጣሉ።

"የማን ደረት ላይ እንደነበር ካላወቅኩ፣ ብረት ነው" ይሉ ነበር።

እኔም አንድ ወሰድኩላቸው። እናቴ ስትሞት ከሳጥኗ ሥር በሻሽ ተጠቅልሎ ያገኘሁት ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ገሰራ አገር ማሳ ሲታረስ ወጣ" አልኳቸው።

በዚያ በሰዓት መሥሪያ መነጽራቸው አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የገሰራ ጭቃ ጫማዬን ሳምንት አይለቅም። ይህን እንዴት እንዲህ ንጹሕ አድርጎ ለቀቀው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! እሳቸው ግን አልጨቀጨቁኝም። ወረቀቷን ባዶዋን ከሜዳሊያው ጋር አስቀመጡና "ትቆይሽ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰው ፊትም ቢሆን፣ "እህ፣ ማሳው ተናገረ?" ይሉኛል።

"ገና ነው ሐጂ፣ ዝናብ እየጠበቀ ነው" እላለሁ። እንስቃለን። ሌላው ግራ ይገባዋል።

የፈራሁት እሳቸውን አልነበረም። ልጅ ሆነን "የባንዳ ዘር" ከተባለ ልጅ ጋር ማንም አይጫወትም ነበር። ስድቡ ልጆቼ ላይ እንዳይመጣ ብዬ ነው የዋሸሁት።

ለዒድ እሳቸው ዘንድ ስሄድ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ አገኘሁት፤ "በሌላ ቀን" ብዬ ተመለስኩ።

ሐጂዬ፣ ማሳው ተናገረ። ሜዳሊያው የአያቴ የአደም ነው፣ የእናቴ አባት። ከጣልያን ጎን ተሰልፎ ዘምቶ ያገኘው ነው። እኔንም አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይኸው፣ ሰው ሁሉ እያነበበ ነገርኩዎት። ልጅዎ ባዶዋ ወረቀት ላይ ስሙን ይጻፍልኝ።

አላህ ቀብርዎን ሰፊ ያድርግልዎ። ሱቁን ዘግቼ ወደ ጎባ እየተሳፈርኩ ነው። ዛሬ እንኳ አላረፍድብዎም።