የሐሙሲቱ ዘይትና ወፍራሙ ብርሃን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላም ኮምፒውተሯ ላይ ስትነጫነጭ አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ራማን ስፔክትሮስኮፒ የሚሉትን ነው፤ ናሙና ላይ ሌዘር ይበራና ከሚመለሰው ብርሃን ቀለሙን የለወጠው ጥቂቱ ይለካል። እያንዳንዱ ነገር እንደ ጣት አሻራ የራሱ መስመሮች አሉት። በስሌት የሠራችው ሞዴል እንደ መርፌ የቀጠኑ ሁለት ጫፎች አወጣ። ልኬቱ ያሳየው ግን አንድ ጉብታ ነው።

«ናሙናው ቆሻሻ ነው፣ አባዬ። ጓደኛዬ አበላሽታዋለች።»

«የሌዘርሽን የቀለም ስፋት ሞዴሉ ውስጥ አስገብተሻል?»

አላስገባችም። ከየት እንዳወቅሁት ጠየቀችኝ። ያወቅሁት ሰው አዋርጄ ነው።

በወጣትነቴ እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነበርሁ። በትምህርት ከአሥረኛ ክፍል ባላልፍም መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አነብ ነበር። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው የሚያርመው ስለሌለ ቶሎ ይኮራል። ከተጣለ መሣሪያና ከአንድ ርካሽ ቀይ ሌዘር የራሴን መለኪያ ገጣጠምሁ።

ለመምህራኑ ክበብ የኑግ ዘይት የሚያመጡት በቅርባችን ያለችው የሐሙሲት ከተማ ሰው አያ ወርቁ ነበሩ። ዘይታቸውን ለካሁ። በወረቀት ስሌቴ ሁለት ቀጭን ጫፍ መሆን የነበረበት በልኬቱ አንድ ወፍራም ጉብታ ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ይህ ዘይት ባዕድ ነገር ገብቶበታል» አልሁ።

አያ ወርቁ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ማነው ያለው?»

«ሌዘሩ።»

«እሱ ደግሞ ዘይት ቀምሶ ያውቃል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛ ዘይት ላይ ከመፍረዳችን በፊት የያዘውን ዕቃ እናሸታለን። አንተ ዕቃህን አሽትተኸዋል?» አሉኝ። ማምለጫ መሰለኝ። ክበቡም ዘይታቸውን መቀበል ተወ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ያልተከፈተ ንጹሕ ኬሚካል አውጥቼ ለካሁ፤ እሱም ወፈረ። ሌላም ለካሁ፤ ያም ወፈረ። አገሩ ሁሉ ባዕድ ነገር ገብቶበታል? በመጨረሻ ሌዘሩን ብቻውን ለካሁት። የፍሎረሰንት አምፖልን መስመር አቅጥኖ የሚያሳየው ያው መሣሪያ ሌዘሩን ሰፊ ጉብታ አድርጎ አሳየኝ፤ ለካ ሌዘሩ የሚያወጣው አንድ ጥርት ያለ ቀለም ሳይሆን ብዙ ተቀራራቢ ቀለሞች ነው። እኔ በወረቀቴ ስፋቱን ዜሮ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ውፍረት ለነካው ሁሉ ሲያለብስ ኖሯል።

ወሩ ጥቅምት ነበር። እስከ ሐሙሲት የኑግ አበባ መንገዱን ግራና ቀኝ ቢጫ አልብሶታል። አያ ወርቁን መጭመቂያቸው ደጃፍ አገኘኋቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ወዝቷል።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዘይትዎ ንጹሕ ነው» አልሁ።

«ይህንንስ ማን ነገረህ? ያው መብራትህ?»

ለመክሰስ ያልበቃ ብርሃን ነጻ ለማውጣትስ እንዴት ይበቃል? እንጀራ በዘይት አጥቅሰው አጎረሱኝ፤ ኑጉ ገና ለብ ያለ ነበር። «መብራትህ ሲቀጥን ተመለስ» አሉኝ። ቀልዳቸው ይሁን የምራቸው ዛሬም አልገባኝም። ሌዘሬ አልቀጠነም፤ እሳቸውም ክበቡ ቢለምናቸው ዳግመኛ ሳይመጡ አረፉ።

ሰላም ስፋቱን ስታስገባ ሁለቱ መርፌዎች ተዋሕደው አንድ ጉብታ ሆኑ፤ ከልኬቱም ጋር ገጠሙ።

«እንግዲያው ጓደኛዬ አላበላሸችውም ማለት ነው?»

«አታውቂም ማለት ነው» አልኋት፣ ቆጣ ብዬ።

ስልኳን አንሥታ ለጓደኛዋ ደወለች። «ስለ ናሙናው ያልሁሽን ተይው» ስትል ሰማኋት፤ «ለካ አላውቅም ነበር።»

እኔ ሐሙሲት ድረስ ሄጄ ይህቺን «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ሳልናገር ነው የተመለስሁት።