ስሙን መጀመሪያ የጠራው

የስቴንስል ቀለም ሽታ አሁን ከየትም አይመጣም፤ ማባዣ ማሽኑ ራሱ ከትምህርት ቤት ከጠፋ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ግን የእናቴን ሣጥን ስናጸዳ ከታች በጋዜጣ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ወጡና፣ ገና ጠርዛቸውን ስገልጠው ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ወረቀቶቼ ነበሩ። በየገጹ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረው ደብዝዟል፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ጭራሽ አልተሰመረበትም።

ደርግ በነበረበት ዘመን የምንኖረው ከሾላ ገበያ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ እግር ሥር ነበር። አባቴ የትሬለር ሾፌር ሆኖ የአሰብን መንገድ ስለሚመላለስ፣ ቤት የሚያድረው በወር ሁለቴ ቢበዛ ሦስቴ ነበር። እናቴ፣ የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ ሰናይትና እኔ አንድ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር፤ አክስቴ ዘነቡ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆና፣ እኛ ቤት የተወራውን ከእኛ ቀድማ ትሰማ ነበር።

የካቲት ላይ የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ጌታሁን አንድ የታወቀ የውጭ ድራማ እናነባለን አለንና፣ ወረቀት በኮታ ስለነበር የመጀመሪያውን ገቢር ብቻ አባዝቶ ለሁለት ለሁለት አደለን። ጓደኛዬ ቤት ወረቀት የሚበላ ፍየል ስለነበረ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ታሪኩ የአንድ የጥንት መንደር ነው፤ ልጃገረዶች የተከለከሉትን ጫካ ገብተው ሲጨፍሩ ይታያሉ፣ አንዷ ትታመማለች፣ ትልልቆቹ «ጥንቆላ ነው» ይላሉ፣ ልጆቹም ከቅጣት ለማምለጥ የጎረቤቶቻቸውን ስም መጥራት ይጀምራሉ። ቃላቱ ከበዱን እንጂ ታሪኩ ምንም አልከበደን።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቡዳ ነው» አለ ከኋላ አንዱ፣ ክፍሉም ሳቀ።

«እንደ ቀበሌው የማጋለጥ ስብሰባ ነዋ» አለ ሌላው፣ ሳቁም ቆመ። ቲቸር ጌታሁን ሄዶ በሩን ዘጋና «የምንማረው እንግሊዝኛ ነው» አለን። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠን፦ በገቢሩ ውስጥ ጠንቋይ ተብሎ የተጠራ ስም ሁሉ በቀይ ይሰመርበት፣ ከጎኑም ስሙን መጀመሪያ ያነሣው ማን እንደሆነ ይጻፍ።

ከእኛ ቤት በላይ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ጥግ፣ እማማ አስካለ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ሲረግጡና ሲያበጁ ሰንብተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሾላ ገበያ ይሸጡ ነበር። የእሳቸው ድስትና ገንቦ ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ እሳቸው ግን የማንንም ደጃፍ አይረግጡም ነበር። ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ስለነበር፣ እናቶች እሳቸው ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እናቴም ትሸፍነን ነበር፤ ያንኑ ዕለት ደግሞ በእሳቸው ድስት ሽሮ ትሠራ ነበር።

የመጋቢት ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰናይትን ይዤ ቀጋ ልንለቅም ወደ እንጦጦ ወጣን። ጫካው የጅብም የዘበኛም ስለነበር እናቴ አጥብቃ ከልክላናለች። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ ዝናቡ ወረደብን፤ የወንዝ ውሃ ጠጥተን፣ በጭቃው ተንሸራትተን፣ አንገታችን ድረስ ቆሽሸን ቤት ገባን። እናቴ ቀሚሳችንን አይታ «የት ነበራችሁ?» ስትል፣ ጭቃ የሚገኝበት ሌላ ቦታ ስፈልግ አንድ ብቻ መጣልኝ።

«ዝናቡ ይዞን እማማ አስካለ ቤት ተጠለልን።»

«እሷ ቤት? ምን አለቻችሁ?»

ጫካውን ያስረሳል ብዬ፣ «ሰናይትን ጥርስሽ ያምራል አሏት» አልኩ። ቅዳሜ መሆኑ ጨርሶ ትዝ አላለኝም፤ እናቴም ትዝ አላላትም። እንትፍ ሳይሉ ልጅ ማድነቅ ምን ማለት እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ መመለሻ አጣሁለት።

በሦስተኛው ቀን ሰናይት ተኛች። ትኩሳቷ እየጨመረ፣ እየቃዠች፣ እህል አልቀምስ ብላ ሳምንቱ አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አክስቴ ነጭ ሽንኩርትና የአሮጌ ጫማ ቁራጭ ፍም ላይ ጨምራ፣ የሰናይትን ራስ በጋቢ ሸፍና አጠነቻት። በልማዱ በጭሱ የሚጨነቀው ታማሚው ሳይሆን የበላው ቡዳ ነው፤ በታማሚው አፍ ስሙን ይናገራል።

«ማነሽ? ከየት መጣሽ?» ትላለች አክስቴ። ሰናይት ታስላለች እንጂ አትመልስም።

«አስካለ ነሽ አይደል? ተናገሪ፣ አስካለ ነሽ?»

«አዎ፣ አስካለ ነኝ» አለች እህቴ። ጋቢው ተነሣላት።

እናቴ ስታለቅስ እኔ ጥግ ይዤ የቤት ሥራዬን መሥራት ጀመርኩ፤ ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ ነው። ስም አገኛለሁ፣ አሰምራለሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ መጀመሪያ ያነሣውን እፈልጋለሁ። ብዙ ቦታ ላይ ልጆቹ የሚጠሩት፣ ጠያቂዎቹ ትልልቅ ሰዎች አስቀድመው ያነሡትን ስም ነበር። መጀመሪያ አስካለ ያለችው ሰናይት ሳትሆን አክስቴ ናት ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ከአክስቴ በፊት ግን የጠራሁት እኔ ነበርኩ። የመጨረሻውን ገጽ ሳልነካው ወረቀቱን አጠፍኩ።

እሁድ ጠዋት ጎረቤቶች እማማ አስካለን ይዘዋቸው መጡ። የበላው ሰው በታማሚው ላይ ምራቁን እንትፍ ካለ ይለቀዋል ይባላል። ካልተፉ ልጅ ገዳይ ናቸው፤ ከተፉ ደግሞ ቡዳነታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አመኑ ማለት ነው። ክንዳቸው ላይ ጭቃ እንደደረቀ፣ መካከል ቤት ቆሙ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ «ልጄን ልቀቂልኝ» አለች።

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ቤትሽ አስገብተሽ ጥርሷን አላየሽም?» አለች አክስቴ።

«ቅዳሜ?» አሉ እማማ አስካለ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በር ላይ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ከእኔ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እናቴ በዚያ ዘመን «ዝም አይነቅዝም» እያለች አሳድጋናለች፤ ይህን ያህል በደንብ የታዘዝኳት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎንበስ ብለው ሰናይት ላይ ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉ። «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

ሰኞ አባቴ ከአሰብ ገባ፤ የሆነውን ሰምቶ ቤቱን በጩኸት ቀወጠው፣ ከዚያ ሰናይትን አቅፎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ታይፎይድ ነው ተባለ። በሁለት ሳምንት መድኃኒት ተነሣች፤ ሰፈሩ ግን ያዳናት የአስካለ ምራቅ ነው አለ። አዳኟ ከሆነች በላተኛዋም እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ሾላ ላይ ድስታቸውን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ፣ ልጆችም ጣሪያቸው ላይ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የቀረ ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጭነው ወደ ካራ ሄዱ። እኔ በመስኮት አየኋቸው። የድራማውን ሁለተኛ ገቢር ሳናይ ዓመቱ አልቆ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሆኜ፣ አንድ የጥቅምት ቀን ካራ ሄጄ ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው። የገንቦ አንገት እያለሰለሱ ነበር። ጫካ እንደነበርን፣ እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቅዳሜማ ገበያ ነበርኩ» አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። «ቤቴ ዝግ ነበር። ሾላ ያየኝ ሰው ስንት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ልጇ እጇ ላይ እየሞተችባት ለእናትሽ ስለ ገበያ ላውራላት? ደግሞስ እኔን ማን ያምናል? አንቺን ነበር የጠበቅኩት።»

ይቅርታ አልኳቸው፤ እሳቸው ግን «እህትሽ ደኅና ናት?» ብቻ አሉ። በራሳቸው የሸክላ ዋንጫ ውሃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። እኛ ቤት በመጡ ጊዜ ውሃ የሰጣቸው አልነበረም።

አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ያንኑ ድራማ እስከ መጨረሻው በስልካቸው ያነቡታል፤ ስለ ቡዳ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ የእማማ አስካለ ቤት የነበረበትም አስፋልት ሆኗል። ነገር ግን ጠዋት በአንዱ ስልክ በሐሜት የገባ የሰው ስም፣ ማን እንዳወጣው ሳይጠየቅ፣ እስከ ምሳ ክፍሉን ሲያዳርስ አያለሁ። ስለዚህ የቲቸር ጌታሁንን የቤት ሥራ ዛሬም እሰጣለሁ።

ወረቀቶቹ የተገኙ ዕለት ማታ፣ ያንን ያልተሰመረበትን ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ከግርጌው «አስካለ» ብዬ ጻፍኩና በቀይ አሰመርኩበት። ከጎኑ፣ ስሙን መጀመሪያ ያነሣው በሚባለው ቦታ፣ የራሴን ስም ጻፍኩ።