የወንድሜ ካሴት በካውንስለሩ ፒክአፕ ላይ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የወንድሜን ድምፅ ገበያ መሃል ሰማሁት... አርባው የወጣው ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

ድምፁ የሚመጣው በኬንያው ሞያሌ የሰፈራችን ተመራጭ ከሆነው ካውንስለር የምረጡኝ ፒክአፕ ላይ ነበር። «ሞያሌ ጁ! ሞያሌ ጁ!» ይላል፤ ሞያሌ ከፍ በይ ማለት ነው። ወንድሜ በስዋሂሊ የሠራው የራፑ አዝማች።

ይኼ ካውንስለር አምና ሕዝብ በተሰበሰበበት ባራዛ ላይ ወንድሜን «ሱሪውን እንኳ መታጠቅ ያቃተው ዱርዬ!» ብሎ ያሸማቀቀ ሰው ነው። የወንድሜ ጥፋት ስለ ውሃ መጠየቁ ነበር።

ወንድሜ ያን ዕለት ቤት ገብቶ ሳቀ። «ባራዛ ላይ እጅ ስታወጣ ቁጭ በል ይሉሃል። ራፕ ላይ ግን ማን ቁጭ ያደርግሃል?» አለኝ። ዘፈኑን ሠርቶ ለጊዜው በቤት ቴፕ ካሴት ላይ ቀዳው፤ ቅጂውንም ለአንድ ካሴት ሻጭ ሰጠ። ናይሮቢ ሄዶ በደንብ ሊቀዳው ከብት የጫነ ሎሪ ላይ ወጣ... ሎሪው መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ከቡቲዬ ሰፈር እስከ ሄሉ ያለ ሰው ለቅሶ ደረሰን። ካውንስለሩ ግን ዝር አላለም።

እና አሁን በሟች ድምፅ ምረጡኝ ይላል! ካሴቱን ልነጥቅ ወደ ፒክአፑ ሮጥኩ።

«አንተ ማነህ?» አለኝ ካውንስለሩ ከፒክአፑ ላይ ሆኖ በስዋሂሊ።

«የዘፋኙ ወንድም ነኝ። ካሴቱን መልሱልኝ።»

እጄን ይዞ ላይ አወጣኝና በማይክ «ሟቹ እንደ ልጄ ነበር!» ብሎ በስዋሂሊ ጮኸ። ስሙን አልጠራም። ከየት ያውቀዋል?

ልሰድበው አፌን ስከፍት ሁለተኛው ክፍል ገባ... በአማርኛ። ካውንስለሩ ደግሞ አማርኛ አንዲት ቃል አይሰማም። ለካ አዝማቹን ብቻ ሰምቶ ነው የመረጠው!

«ለኛ የወጣው ቦቴ ካውንስለር ግቢ ሲራገፍ፣
እናቴ ጀሪካን ይዛ ከንጋት ጀምራ ስትሰለፍ፣
የሱ ግመል ጠጥታ ጠገበች፣
እናቴ ባዶዋን ተመለሰች።»

መጀመሪያ ጫት ሻጮቹ ሳቁ። ቀጥሎ ከድንበሩ ማዶ ዕቃ የሚያመላልሱት ተሸካሚዎች። ከዚያ ገበያው በሙሉ... አማርኛ የሚሰማው ለማይሰማው እየተረጎመ። ካውንስለሩ የተደሰቱበት መስሎት እጁን እያውለበለበ፣ በዚያ ቦርጩ ይውረገረጋል።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ምንድነው የሚለው?»

«ስለ እርስዎ ነው፣ ክቡር ምሄሺሚዋ።»

ፊቱ በራ። የፒክአፑን ጣሪያ በመዳፉ ደበደበና ሾፌሩን «ድምፁን ጨምረው!» አለው።

ካሴቱን ትቼ ወረድኩ።

ለቅሶ ባይደርስም... ለወንድሜ ድምፅ ማጉያ ተከራይቶለታል።