ለኦቦ ደበላ ያላደረስኩት ቃል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሞተር በድንገት ዝም ሲል እጄ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል።

ኦቦ ደበላ የቡራዩ ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሚነዷት አሮጌ ላዳ አለቻቸው። ፍሬኗ የድሮ ነው፤ መኪናዋን የሚያቆማት የነጂው እግር ብቻ ነው። የኦቦ ቀኝ ጉልበት ደግሞ ታሟል። ፍሬን በያዙ ቁጥር ጥርሳቸውን ሲነክሱ አያለሁ።

"ሰርቮ ይገጠምላት" ብዬ የነዘነዝኳቸው እኔ ነኝ። ሰርቮ በፔዳሉና በፍሬኑ መሃል ገብቶ እግርን የሚያግዝ፣ ክብ ጣሳ የመሰለ ዕቃ ነው። ከአዲሱ ሞዴል ላይ የተፈታ እንደሚገጥም ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር።

ሰበታ ወዳለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ማቴዎስ ይባላል፤ ከወላይታ የመጣ፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጥሞ ሲጨርስ ኦቦ ዳቦ ሊገዙ ወጣ ብለው ነበር። ማቴዎስ ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ጥቁር ጎማ በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣

"እህቴ፣ ይሄ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብለት ነው። ሞተር ከጠፋ አንዴ ሁለቴ ቢይዝ ነው፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። እየሄዱ እንዳያጠፉ ለፋዘር ንገሪያቸው፣ እሺ?" አለኝ።

ስለዚያ ጥቁር ጎማ የመጣችልኝን ስንኝ ሳትጠፋብኝ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ቀና ሳልል "እሺ" አልኩት።

ኦቦ ተመልሰው ፔዳሉን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ሳቁ። "ቅቤ! እንዲህ የሚታዘዘኝ ቤቴ ውስጥ እንኳ የለም።"

አብሬ ሳቅሁ። ምንም አልነገርኳቸውም።

በሳምንቱ ሱሉልታ ያለች ልጃቸውን ጠይቀን ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ጀሪካን ወተት ይዘን ነበር። ዳገቱን ጨርሰን ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ ኦቦ ማርሹን ፍሪ አደረጉና ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ጠፋ።

"የቤንዚን ወረፋው አይቀመስም" አሉ። "ይሄን ቁልቁለት ዕድሜዬን ሙሉ በነፃ ነው የወረድኩት።"

የጎማው ሽውታና ጀሪካኑ ውስጥ የሚንቦጫረቀው ወተት ብቻ ይሰማል። ባሕር ዛፎቹ እየፈጠኑ ያልፋሉ። ዝምታው ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁ።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ታዘዘ። ሁለተኛው ላይ ኦቦ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሰርቮው ከተገጠመ ወዲህ ሲነክሱ አላየሁም ነበር።

"ምነው ኦቦ?"

"እምቢ አለ።"

ከፊታችን ድርቆሽ የጫነ መኪና በዝግታ ይወርዳል። በግራ ሚኒባሶች ተከታትለው ይወጣሉ፤ በቀኝ በኩል ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ጠርዙን ይዘው ይሄዳሉ። የምንሸሽበት ቦታ አልነበረም። ኦቦ ሁለት እግራቸውን ፔዳሉ ላይ ጫኑ። "ያ ዋቅ!" ብለው አምላካቸውን ጠሩ። ድርቆሹ መስታወቱን ሞላው።

ያን ጊዜ የማቴዎስ ጣት ጎማውን ሲመታ ታየኝ።

"ሞተሩን! ሞተሩን ያስነሱት!" እየጮህኩ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩ።

ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ አጓራ፤ ፔዳሉ ሰመጠ፤ ቆምን። የተንጠለጠለው ድርቆሽ መስታወታችንን ጠረግ አድርጎ ሄደ። የጀሪካኑ ክዳን ተስፈንጥሮ ወተቱ አንገቴ ላይ ፈሰሰ።

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ሞተሩ መሆኑን አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"ስልኬ ላይ አንብቤ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "ኦቦን ያዳነች ልጅ" ይለኛል። ኦቦ ደግሞ ላገኙት ሹፌር ሁሉ "ያ የሰበታው ማቴዎስ ሊገድለኝ ነበር፤ አንዲት ቃል አልነገረኝም፤ እሱ ጋ እንዳትሄዱ" ይላሉ። እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ።

ባለፈው ወር በዚያ በኩል ሳልፍ ጋራዡ ውስጥ አንድም መኪና አልነበረም። ማቴዎስ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ አያንጎራጉርም። ሲያየኝ ግን ብድግ አለ።

"ፋዘር እንዴት ናቸው? ፍሬኑስ?"

"ደህና ናቸው" ብዬ አለፍኩ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ኦቦ ይህን የምጽፍበትን የጋዜጣ ገጽ ቅዳሜ ቅዳሜ ያነባሉ። መነጽራቸውን አድርገው እዚህ መስመር ላይ ሲደርሱ አጠገባቸው እሆናለሁ። ኦቦ፣ ማቴዎስ ነግሮኝ ነበር።