የጋሽ መርሻ ትሬይለር

የምተዳደረው ኤሲ በመጠገን ነው። ቶሮንቶ ጁላይ ላይ ሲግል ስልኬ እረፍት የለውም። እንደ ጋሽ መርሻ ትሬይለር ግራ ያጋባኝ ሥራ ግን የለም።

ጋሽ መርሻ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ኢስት ዮርክ ያለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ባቆሙት ትሬይለር፣ መኪና በሚጎትተው የሽርሽር ቤት፣ በማግስቱ ከሚስታቸው ጋር ሐይቅ ዳር ሊሄዱ አስበዋል። ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ደግሞ «ካልቀዘቀዘ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል።

ገብቼ ኤሲውን ስከፍተው ጣሪያው ላይ ካለው የአየር መውጫ በረዶ የመሰለ አየር ወረደ።

«ይኸው ይሠራል» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ታየዋለህ» አሉኝ።

ቴርሞሜትር ከመኪናዬ ይዤ ስመለስ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሏል። ጋሽ መርሻ ላባቸውን ይጠርጋሉ። እጄን ወደ መውጫው ብሰድ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ፊልተሩን ውጭ አጥቤ መለስኩ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሞተሩን ፈተሽኩ። እኔ ስገባ ይቀዘቅዛል፣ ስወጣ ይግላል።

«ምናልባት ሌላ ሰው ልጥራ?» አሉኝ በትሕትና።

ይቺ ከነከነችኝ። መሰላሉን ልመልስ ብዬ ወጣሁና በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ጋሽ መርሻ ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ቆመዋል። ሹራባቸውን ጠቅልለው መውጫው ውስጥ ይወትፋሉ። ለካ እኔ ስመለስ የሚነቅሉት እሱን ኖሯል።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ምንም አልደነገጡም።

«ታዲያ ማጅራቴን ብርድ ሲመታኝ ዝም ልበል?» አሉኝ። «እኔ አቀዝቅዝልኝ አልኩህ እንጂ ንፋስ አምጣልኝ አልኩህ?»